በጀት ሲቀነስ ማን እጁን አወጣ?

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ውስጥ አንድ ሚኒስትር ቆሞ «ዘንድሮ በጀቱን ቀንሰነዋል» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቼ አላውቅም። የምሰማው ሁሌ ጭማሪ ነው። ለ2015 786.6 ቢሊዮን ብር። ለ2016 801.65 ቢሊዮን። ለ2017 971.2 ቢሊዮን፤ እሱም አልበቃ ብሎ ዓመቱ ሳይጋመስ የ582 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት መጣ። የያዝነው የ2018ቱ ደግሞ 1.93 ትሪሊዮን ገብቷል። ትሪሊዮን! እኛ ተማሪ ሳለን ይህን ቁጥር የሒሳብ መምህራችን ሊያስደነግጡን ሲፈልጉ ብቻ ነበር ሰሌዳ ላይ የሚጽፉት።

ታዲያ በጀቱ እንዲህ እያበጠ ከሄደ እዚህ ጅማ የማውቃቸው መሥሪያ ቤቶች ለምንድነው ወረቀት በዱቤ የሚወስዱት? የተማሪ ፈተና ለምንድነው በደቃቅ ፊደል የሚታተመው? የግብርና ሠራተኛው ሞተር ለምንድነው ግቢ ውስጥ ቆሞ አቧራ የሚለብሰው?

መልሱ ቀላል ነው። እኛም አገር በጀት ይቀነሳል፤ በደንብ አድርጎ ይቀነሳል። ግን የሚቀነሰው ፓርላማው የሚከራከርበት ቦታ ላይ አይደለም። እዚያ ወሬው ሁሉ ስለ ጭማሪው ነው። ቅነሳው ሌላ ቦታ፣ ማንም ድምፅ ሳይሰጥበት፣ ማንም በቴሌቪዥን ሳያየው ያልቃል። ለዚህ ነው ቁጥር ሰምተን የምንደነግጠውም የምንደሰተውም በከንቱ የሚሆነው።

ሥርዓቱን ለማታውቁ ባጭሩ ልበል። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። ረቂቁን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያዘጋጃል። ሰኔ መጀመሪያ አካባቢ የገንዘብ ሚኒስትሩ አቶ አህመድ ሺዴ ምክር ቤት ቀርበው ያን ረጅም መግለጫ ያነባሉ። አባላት ይጠይቃሉ። ረቂቁ ለፕላን፣ በጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ይመራል፤ ኮሚቴው መድረክ ጠርቶ ያወያያል፤ ከዚያ ሰኔ ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት ጠቅላይ ሚኒስትሩ መጥተው ሰፊ ማብራሪያ ይሰጡና እጅ ይወጣል። ሕገ መንግሥቱ የምክር ቤቱን ዓመታዊ ሥራ ሰኔ 30 ላይ ስለሚዘጋው ነገሩ ጥድፊያ ይበዛዋል። ወደ ሁለት ትሪሊዮን ብር የሚጠጋ ሰነድ በአንድ ወር ገብቶ በአንድ ወር ይወጣል። እኔ የሱቄን ዓመታዊ ሒሳብ ለመዝጋት ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይፈጅብኛል።

የድምፁ ውጤት ላይ ማንም አይወራረድም። በ2013 ምርጫ ብልጽግና ከ436 ወንበሮች 410ሩን ነው የወሰደው። ስለዚህ የሚያጓጓው የእጁ ቁጥር ሳይሆን ጥያቄው ነው። ጥያቄው ደግሞ፣ ልብ ብላችሁ ካዳመጣችሁ፣ አብዛኛው መንገድ ነው። የእገሌ ከተማ አስፋልት ተጀምሮ ለምን ቆመ፣ የእገሌ ድልድይ ለምን በዘንድሮው አልተካተተም፣ ለመራጮቼ ቃል ገብቼ ነበር ምን ብዬ ልመለስ። አልፎ አልፎ ውኃ፣ አልፎ አልፎ መብራት፣ ከዚያ ተመልሶ መንገድ። በዚህ አልስቅም። መንገድ የሌለው ሰው መንገድ ነው የሚጠይቀው፤ እኛም ተወካያችንን ባገኘነው ቁጥር ስለ መንገድ ነው የምንጨቀጭቀው። ግን ሁሉም አባል ስለ የራሱ መንገድ ሲጠይቅ ስለ ጠቅላላው የሚጠይቅ ይጠፋል። ባለፈው ዓመት ከጻፍነው ውስጥ ስንቱ ወጣ? የወጣው ምን ገዛ? ዋጋው በዚህ ፍጥነት ሲጨምር ያው ቁጥር ከአምናው ምን ያህል ያነሰ ሥራ ይሠራል? እነዚህ ጥያቄዎች አንዳንዴ ይነሳሉ፤ በመንገዱ ጫጫታ ይዋጣሉ።

የ2016ን በጀት እንይ። ከ2015ቱ የሚበልጠው በ15 ቢሊዮን ብር ነው፤ በመቶኛ ስታሰሉት 2 እንኳ አይሞላም። ያ በጀት በጸደቀበት ሰሞን የዋጋ ግሽበቱ ወደ 30 በመቶ ይጠጋ ነበር። እስቲ አስቡት። አምና 100 ብር ነበረህ፣ ዘንድሮ 102 ብር ሰጡህ፣ አምና በ100 የገዛኸው ዕቃ ግን 130 ገብቷል። ይህን ጭማሪ ብሎ የሚጠራው ማን ነው? ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ተቆርጦብሃል። በቅርብ ዓመታት ካየናቸው ሰፊ ቅነሳዎች አንዱ እኮ ነው! ግን አንድም ሰው «በአንድ አምስተኛ እንቀንስ» ብሎ አልተሟገተም፤ ቅነሳ ተብሎም እጅ አልወጣበትም። ጭማሪ ተብሎ አለፈ።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ መንግሥት በዚያ ዓመት አዲስ ፕሮጀክት እንደማይጀምር፣ የተጀመሩትን ለመጨረስ እንደሚያተኩር በግልጽ ተናግሯል። የጦርነት ጠባሳ ነበር፣ ዕዳ ነበር፣ የውጭ ምንዛሪ ጠፍቶ ነበር። በቁጠባው ሐሳብ አልጣላም። የምጣላው ቁጠባው ማን ላይ እንደሚያርፍ ሳይነገር በማለፉ ነው።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 መጣ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገበት ቀን። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 በላይ ወጣ፤ መውጣቱንም ቀጠለ። ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር የ3.4 ቢሊዮን ዶላር የአራት ዓመት ፕሮግራም ተፈረመ። ከሦስት ሳምንት በፊት የጸደቀው የ971.2 ቢሊዮን ብር በጀት ቀለሙ ሳይደርቅ አረጀ። ለዚህ ነው ያ 582 ቢሊዮን ተጨማሪ በጀት የመጣው፤ ደመወዝ መደጎም ነበረበት፣ ነዳጅና ማዳበሪያ መደጎም ነበረበት።

እኔ የሱቅ ሰው ስለሆንኩ ሁሉን ነገር በዶላር የማስላት አባዜ አለብኝ። የ2017ቱ በጀት በጸደቀበት ቀን ምንዛሪ ስታሰሉት ወደ 17 ቢሊዮን ዶላር ይመጣል። የ2018ቱ 1.93 ትሪሊዮን በጸደቀበት ሰሞን ምንዛሪ፣ ዶላሩ 135 ብር አካባቢ ነበር፣ 14 ቢሊዮን ከምናምን ነው። በብር እጥፍ ሆነ፤ በዶላር ቀነሰ።

ይህን ስሌት ሱቄ ውስጥ ለሐጂ ሳሳያቸው መነጽራቸውን አወለቁ። ሐጂ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰኔ ላይ በጀት ሲዘጉ፣ ሐምሌ ላይ ሲከፍቱ ኖረዋል። አሁን ጋዜጣና የድሮ ማኅደር ፎቶ ኮፒ ሊያስደርጉ ይመጡና ግማሽ ቀን ተቀምጠው ይሄዳሉ።

«አንተ ልጅ፣» አሉኝ፣ «መምህር ደመወዙን በዶላር ነው እንዴ የሚወስደው?»

ልክ ናቸው። አይወስድም። የአብዛኛው መሥሪያ ቤት ትልቁ ወጪ ደመወዝ ነው፣ ደመወዝ ደግሞ በብር ነው። ግን ይህ የሐጂ መከራከሪያ እንዲያውም የኔን ነገር ነው ያጠናከረልኝ። ከአንድ መሥሪያ ቤት በጀት ላይ ደመወዙን አንሱት። ምን ይቀራል? ነዳጅ፣ ጎማ፣ መለዋወጫ፣ ቶነር፣ ወረቀት፣ መድኃኒት፣ የላቦራቶሪ ዕቃ። አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው፤ አብዛኛው ዶላር ነው። ደመወዝ ደግሞ የማይነካ ነው፣ መነካትም የለበትም፤ በመስከረም 2018 የተደረገው ጭማሪ፣ የዲግሪ ጀማሪው ከ6,940 ወደ 11,500 ብር፣ ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ያለበት፣ ሲያንስ ነው። የመምህራኑን ኑሮ በዓይኔ አየዋለሁ። ግን ደመወዙ መጀመሪያ ይቀመጣል፤ ዕዳ ክፍያ ይቀመጣል፤ ከዚያ የተረፈችው ናት ሥራ ማስኬጃ የምትባለው። ሠራተኛውን ቢሮ የሚያስቀምጠው ደመወዙ ነው። ከቢሮ አውጥቶ ሥራ የሚያሠራው ሥራ ማስኬጃው ነው። ቅነሳው የሚያርፈው እሷ ላይ ነው፤ ምክንያቱም እሷ ስትቀነስ የሚጮህ የለም።

ካፒታሉንም፣ ማለትም ለመንገድና ለመሰል ግንባታ የሚውለውን፣ እዩት። በ2017 ከ971.2 ቢሊዮኑ 283.2ቱ ካፒታል በጀት ነበር፤ ከሩብ በላይ ማለት ነው። በ2018 ካፒታሉ ወደ 415 ቢሊዮን ገደማ ከፍ ቢልም ጠቅላላው ከእሱ በፍጥነት ስላደገ ድርሻው ወደ አንድ አምስተኛ ወርዷል። ያ ሁሉ የመንገድ ጥያቄ የሚጠየቀው እንግዲህ ከዚህች ውስጥ ነው።

ሐጂ ግን አልጨረሱም። «ይህ ሁሉ የምትለው ወረቀት ላይ ያለው ነው፣» አሉኝ። «እኛ ጊዜም የተጻፈልህና የሚለቀቅልህ ሁለት ነገር ነበር። የበጀት መደብህ ላይ ገንዘብ አለህ፤ ልታወጣ ስትሄድ ጥሬ ገንዘብ የለም ትባላለህ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።»

ስለዚህ ቅነሳው ሁለት ደጃፍ አለው። አንደኛው ዋጋ ሲንር ቁጥሩ በቁሙ ሲያንስ። ሁለተኛው የጸደቀው ሳይለቀቅ ሲቀር። ሁለቱም ጋ ፓርላማ የለም።

አሁን የኔን ደጃፍ ላሳያችሁ። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ነው ያለኝ። ደንበኞቼ ተማሪዎች፣ ጉዳይ አስፈጻሚዎችና መሥሪያ ቤቶች ናቸው። የመንግሥትን በጀት ከቴሌቪዥን በፊት እኔ አውቀዋለሁ ብል ማጋነን አይሆንም። ሐምሌና ነሐሴ ጭር ነው፤ በጀት ገና አልወረደም። ከመስከረም በኋላ ቀስ እያለ ይመጣል፤ አንድ እሽግ ወረቀት፣ ሁለት እሽግ፣ ማኅተም ቀለም። ክረምቱ ሲቃረብ፣ ግንቦት ሲያልቅ፣ ፕሮፎርማ ይዘንባል። ሦስት ፕሮፎርማ ይዘው የሚሮጡ ግዥ ሠራተኞች፣ ዛሬውኑ ካላስገባሁ የሚሉ፣ ሰኔ 28 ማታ ስልክ የሚደውሉ። ያልተጠቀሙበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል፤ ተመላሽ ያደረገ መሥሪያ ቤት ደግሞ ለከርሞው «አልቻልክበትም» ተብሎ ይቀነስበታል ብሎ ይፈራል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ በአንድ እስክሪብቶ ሲጣሉ የከረሙ ሰዎች ሰኔ ላይ ቦክስ ፋይል በካርቶን ይገዛሉ። ማንም ሌባ አይደለም እዚህ ውስጥ። ሥርዓቱ ነው እንዲህ የሚያሯሩጣቸው። ጥር ላይ ቶነር አጥቶ ሥራ ያቆመ ቢሮ ሰኔ ላይ የማያስፈልገውን ሲገዛ እኔ ነኝ የምሸጥለት። ትርፌ ነው፣ አልክድም።

የቁጠባ መመሪያዎቹም ሱቄን አልፈው ነው የሚሄዱት። የመኪና ግዥ፣ ቅጥር፣ የውጭ ጉዞ፣ ሥልጠናና ስብሰባ እንዲገደብ የሚሉ ደብዳቤዎች በተለያየ ጊዜ ወርደዋል። ከነሱ አንዱን ለየክፍሉ ለማዳረስ አንድ መሥሪያ ቤት እኔ ጋ ፎቶ ኮፒ አስደረገ። በዱቤ።

ዱቤውን ካነሳሁ አይቀር። አንድ መሥሪያ ቤት፣ የቱ እንደሆነ አልናገርም፣ መጋቢት ላይ ዕቃ ወሰደ። ደብዳቤ አለ፣ ፊርማ አለ፣ ንብረት ክፍሉ በሞዴል 19 ገቢ አድርጎታል፣ ሁሉም ሕጋዊ ነው። ክፍያው ለሰኔ ተባለ። ሰኔ ሲደርስ ገንዘብ አልተለቀቀም ተባለ። ሐምሌ ስሄድ ያ በጀት ዓመት ተዘግቷል፣ ከአዲሱ ይከፈልሃል ተባልኩ። አዲሱ ሲከፈት ደግሞ ያለፈ ዓመት ዕዳ የሚከፈልበት መደብ አልተያዘም። የፈረመው ሰው ሌላ ቦታ ተዛውሯል። በመጨረሻ በሁለት ዙር ተከፈለኝ፣ በድሮው ዋጋ። በዚያ ገንዘብ ያንን ዕቃ መልሼ ልገዛ ስሄድ ግማሹን ብቻ ነው የገዛልኝ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ፓርላማ ስለ መንግሥት ዕዳ ሲወራ የውጭ አበዳሪ ይጠቀሳል፣ ባንክ ይጠቀሳል፣ የግምጃ ቤት ሰነድ ይጠቀሳል። እኔ አልጠቀስም። የጎማ ጠጋኙ አይጠቀስም። ለስብሰባ ምሳ ያበሰለችው ሴትዮ አትጠቀስም። የመንግሥት አበዳሪ ግን እኛም ነን፤ ያውም ያለ ወለድ፣ ያለ ውል፣ ያለ ቀን። የፌዴራሉ በጀት ጉድለት በቢሊዮን ተቆጥሮ ይነገራል፤ ወረዳና ቀበሌ ላይ በየሱቁ ደብተር የተጻፈው ጉድለት ግን የትም ሪፖርት ውስጥ አይገባም።

ዱቤውስ የነጋዴ ጣጣ ነው፣ ይሁን። የሚብሰው የፈተናው ነው። መምህራን ፈተና ይዘው ይመጣሉ፤ አራት ገጽ የነበረውን በሁለት እንዳጠብበው ይለምኑኛል። ፊደሉን አሳንስ፣ ክፍተቱን አጥፋ፣ ሥዕሉን ቆርጠህ አውጣ። አንዳንዱ ሥዕል እኮ ራሱ ጥያቄው ነው! የባዮሎጂ ፈተና ላይ የልብ ሥዕል አውጥተህ ምን ይቀራል? የሚያዋጣው ወላጅ ነው። ለወረቀት መዋጮ፣ ለጥበቃ መዋጮ፣ ለመጸዳጃ ቤት ጥገና መዋጮ። ከመንግሥት ደብተር ላይ የተቀነሰው ብር እንዲሁ በኖ አልጠፋም፤ ወደ እናቶች ቦርሳ ነው የተዛወረው። ይህንን ነገር ታክስ ብለው ቢያመጡት ኖሮ ፓርላማ ክርክር ይነሳበት ነበር። የገቢ ግብር ሕጉ በ2017 ሲሻሻል ከግብር ነፃ የሆነው የደመወዝ ጣሪያ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲል ስንት ጥያቄ ተነሳ፣ ለምን ከዚህ አይበልጥም ተባለ። ጥሩ ክርክር ነበር። መዋጮ ግን ሕግ አይደለምና ምክር ቤት አይደርስም።

ሞተሩን ደግሞ አልረሳሁትም። ጅማ ዙሪያ የቡና አገር ነው፤ ጎማ፣ ማና፣ ሊሙ፣ አጋሮ ብትሉ ስሙን ዓለም ያውቀዋል። በ2017 በጀት ዓመት አገሪቱ ከቡና ኤክስፖርት 2.65 ቢሊዮን ዶላር አግኝታለች፤ ከዚያ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ገቢ ነው። ያረጀ ቡና መጎንደል አለበት፤ ገበሬው ደግሞ የሚያፈራ ዛፉን እንዲጎነድል ማሳመን ቀልድ አይደለም፣ ሁለት ሦስት ዓመት ምርት እንዲያጣ ነው የምትነግረው። ሄዶ፣ ተመልሶ ሄዶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ተቀምጦ የሚያሳምን ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው የልማት ሠራተኛው ነው። ደመወዙ ይገባለታል። ሞተር አለው። ቤንዚን የለውም። የቤንዚን ድጎማ እየተነሳ ዋጋው በየጊዜው ሲከለስ የእሱ የነዳጅ መደብ አብሮ አልተከለሰም። በቢሊዮን ዶላር የሚያመጣው ዛፍና በሊትር የሚቆጠረው ቤንዚን አንድ መንገድ ላይ ሳይገናኙ ይቀራሉ።

አንድ የሌላ ከተማ ወዳጄ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። «እናንተማ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የአጋሮ ሰው ናቸው፣ በጀት ይጎርፍላችኋል» አለኝ። በየሄድንበት የሚነገረን ነው፤ ለምደነዋል። ከተማችን የኮሪደር ልማት ደርሷታል፣ የእግረኛ መንገዱ አምሯል፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትም ታድሷል። ይህን አልክድም። ግን የክልል ድጎማ በሰው ዘር አይከፋፈልም፤ በቀመር ነው። ቀመሩን የሚወስነው ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚመስለው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አይደለም፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በ2017 ለክልሎች 222.7 ቢሊዮን ብር ተመድቦ ነበር፤ ኦሮሚያ ከዚያ ሲሶውን ያህል ይወስዳል፣ ሕዝቡ ብዙ ስለሆነ። ከዚያ የክልሉ ምክር ቤት ጨፌ ኦሮሚያ ያጸድቃል፣ ወደ ዞን፣ ወደ ከተማ፣ ወደ ወረዳ ይወርዳል። ከ1994 ጀምሮ ወረዳዎች ጥቅል በጀት ተቀብለው ራሳቸው ይደለድላሉ። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ ችግሩ የሚደለድሉት አብዛኛው ደመወዝ ሆኖ መገኘቱ ነው።

ጅማ ለዚህ የግብር እና የድርሻ ጉዳይ አዲስ አይደለችም። ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ግብር እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠብቀው የቆዩ ሰው ናቸው። ምን እንደከፈሉና በምትኩ ምን እንዳገኙ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ ሒሳቡ ግልጽ ነበር። ሐጂ ይህን ታሪክ ማንሳት ይወዳሉ። እኔም የምወደው ለዚህ ነው፤ የዛሬ ግብር ከፋይ ያንን ያህል እንኳ አያውቅም።

ቅነሳ ሁሉ ክፉ ነው እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። እኔ ብሆን የምቀንሰው ሞልቷል። የአንድ ቀን ስብሰባ ባነር፣ ቲሸርት፣ ኮፍያ። ባነር የሚያትመው ጎረቤቴ ይህን ሲያነብ ይጣላኛል። ሌላ ከተማ ሆቴል ተሂዶ የሚደረግ፣ በየራሳቸው ቢሮ ሊያደርጉት የሚችሉት ሥልጠና። በር ላለው መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሌላ በር። እነዚህን ቁረጡና ለልማት ሠራተኛው ቤንዚን ግዙ ብል የሚቃወመኝ አይኖርም፣ ከጎረቤቴ በቀር። ግን ቅነሳ ሲመጣ እንዲህ ተመርጦ አይመጣም። «ከእያንዳንዱ መደብ ይህን ያህል በመቶ» ተብሎ በጅምላ ይመጣል፤ ያን ጊዜ አቅም ያለው ባነሩን ያተርፋል፣ አቅም የሌለው ቤንዚኑን ያጣል። ይህን የሚመርጥ፣ ይህ ይቅር ይህ ይቆይ ብሎ በአደባባይ የሚሟገት አካል እንዲኖር ነበር ፓርላማ የተፈጠረው። ሌላ አገር መንግሥት በጀት ሲቀንስ ምክር ቤቱ ይናወጣል፣ ሰው አደባባይ ይወጣል፣ አንዳንዴ መንግሥት ይወድቃል። እኛ ጋ ጸጥ ነው፤ ጸጥታው የመጣው ሰው ተስማምቶ ሳይሆን ስላልተነገረው ነው።

የዋናው ኦዲተር ሪፖርት አለ እኮ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 101 ሪፖርቱ ለምክር ቤቱ እንዲቀርብ ያዛል፣ ይቀርባልም። ያልተወራረደ ሒሳብ፣ ከመመሪያ ውጭ የተገዛ ዕቃ፣ ሥራ ላይ ያልዋለ በጀት፣ ሁሉም ተዘርዝሮ ይነበባል። ሰው ለአንድ ሳምንት ያወራዋል። እኔን የሚገርመኝ ያ ሪፖርትና የአዲሱ ዓመት በጀት አንድ ጠረጴዛ ላይ አለመገናኘታቸው ነው። አምና የተሰጠውን ያላወራረደ መሥሪያ ቤት ዘንድሮ ሲጨመርለት ለምን ብሎ መጠየቅ ከመንገዱ ጥያቄ ይቀላል፤ ቁጥሩ እጃቸው ላይ ነው።

ዘንድሮ የሰባተኛው ጠቅላላ ምርጫ ዓመት ነው። እጩዎች ይመጣሉ፣ አዳራሽ ይሞላል፣ መንገድ ቃል ይገባል። ከሐጂ ጋር ምን ብለን እንጠይቅ ብለን ተነጋግረን ነበር። እኔ የጻፍኩት ዝርዝር ረዘመ። የዋጋ ግሽበቱ ተቀንሶ በጀቱ ስንት ነው፣ ለሥራ ማስኬጃ ስንት ተያዘ፣ የነጋዴ ዱቤ የሚከፈልበት መደብ ይያዛል ወይ፣ መዋጮ ይመዝገብ ወይ። ሐጂ አነበቡና ሁሉንም ሰርዘው አንድ ብቻ አስቀሩ፦ ባለፈው ዓመት ለዚህች ከተማ ከተጻፈው ስንቱ ተለቀቀ?

«ይህን ከጠየቅህ ሌላው ራሱ ይመጣል» አሉኝ። ቀጥለውም አስጠነቀቁኝ። የፌዴራሉ እጩ ጥያቄህ የክልል ነው ይልሃል፤ የጨፌው እጩ ገንዘቡ ከፌዴራል አልመጣም ይልሃል። ሁለቱም አይዋሹም፣ ነገሩ እንደዚያ ነው። ስለዚህ ለብቻ ለብቻ ስታገኟቸው አትጠይቁ። ሁለቱ አንድ መድረክ ላይ ሲቀመጡ ጠብቁና እዚያው፣ አንዱ ለአንዱ እንዲመልስ አድርጋችሁ ጠይቁ። ቁጥሩን ከያዙ ይናገራሉ። ካልያዙም አዳራሹ ያየዋል።